በስመ አብ ያልኩበት ዓሣ

ዓሣ ማጥመድ ማን አስተማረህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያናድደኛል። ጥያቄው ውስጥ የግድ አንድ አስተማሪ መኖር አለበት የሚል ሐሳብ አለ። የለም። ቧንቧ መጠገን ማንም አላስተማረኝም፣ ኤሌክትሪክ ማንም አላስተማረኝም፣ እንግሊዝኛውንም ከሰው አፍ እየለቀምኩ ነው የያዝኩት። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደግኩ የሚመስላቸውም አሉ። እኔ ከመርካቶ ጀርባ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሕያው ዓሣ በእጄ የነካሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ዛሬ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ካለው ያገሬ ሰው መሐል፣ ውቅያኖስ ዳር ቆሞ ክንድ የሚያህል የእንጨት ዓሣ እየወረወረ የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ያለው ዓሣ ጎትቶ የሚያወጣ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ዓሣ ነው። ለወዳጄ ልጅ ሠርግ ያወጣሁት ነበር። እስከዚያ ቀን ካወጣኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ለታሰበለት ሰው ሳይደርስ ቀረ። ዓመታት አልፈውም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወዳጄ ወሎዬ ነው፣ ሙስሊም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የተዋወቅነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እኔ አሌክሳንድሪያ የአንድ አፓርትመንት ሕንፃ ሜንተናንስ ሠራተኛ ሳለሁ ነው። እሱ ታክሲ እየነዳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱና ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን የኩሽናቸው ሲንክ ተዘጋ ተብሎ ሄድኩ። ቧንቧውን ስፈታው በእፍኝ የዓሣ ቅርፊት ወጣ።

"ይሄ ምንድነው? እዚህ ውስጥ ዓሣ ታረባለህ እንዴ?" አልኩት።

"ከፖቶማክ ወንዝ ነው የያዝኩት" አለኝ እየሳቀ። "ይልቅ እጅህን ታጠብና ቅመስ።"

ቀና ብዬ አየሁት። ሙስሊም መሆኑን በራፉ ላይ ከተሰቀለው ጽሑፍ አውቄአለሁ። እኛ ደግሞ ሥጋ አብረን አንበላም። የእነሱ አራጅ ቢስሚላህ ብሎ ያረደውን እኛ አንነካም፣ የእኛ አራጅ በስመ አብ ብሎ ያረደውን እነሱ አይነኩም። አገር ቤትም እንዲህ ነበር፣ አሜሪካም ይኸው ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት የሥጋ ጠረጴዛ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። ወዳጄ ማመንታቴ ገባው።

"ዓሣ ነው እኮ" አለኝ። "ዓሣ አይታረድም። ከውሃ ሲወጣ አለቀለት። ላንተም ይሆናል፣ ለኔም ይሆናል።"

በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ነገርኩትም። ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ ትሪ የምንበላው ዓሣ ብቻ ሆነ። እኔ ቤት ሲመጣ ሽሮ ይበላል፣ እኔ እሱ ቤት ስሄድ እንቁላል ይጠበስልኛል። ዓሣ ያለ ቀን ግን እጃችን አንድ ትሪ ላይ ይገናኛል፤ ልጅቱም መሐላችን ተቀምጣ እሾሁን እየለቀምን እናጎርሳታለን።

ታዲያ ማጥመድን ያስተማረኝ እሱ ነው እያለ የሚያወራ አለ። ውሸት ነው! እሱ በዶሮ ጉበት ካትፊሽ የሚይዝ ሰው ነበር። ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ስልክ እያወራ ዓሣው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ያ ማጥመድ ሳይሆን ሐኪም ቤት ተራ መጠበቅ ነው። ከወንዙ ነቅዬ ቤይ ብሪጅ ከሚባለው ድልድይ ማዶ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ነድቼ ውቅያኖስ ዳር ያቆምኩት እኔ ነኝ።

እዚያ የመጀመሪያው ቀን አንድ ነጭ ሽማግሌ አየሁ። እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሶ ሞገዱ ውስጥ ቆሟል። የሚወረውረው ትል አይደለም፣ የተቆረጠ ዓሣም አይደለም። አንድ ትልቅ ሐሰተኛ ዓሣ ነው። ስዊምቤይት ይሉታል። ውሃ ውስጥ ሲጎተት ወገቡን እየሰበቀ፣ ጭራውን እያወዛወዘ እንደ እውነተኛ ይዋኛል። ጠጋ ብዬ ከየት እንደሚገዛ ጠየቅሁት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ለጀማሪ አይሆንም አለኝ።

ለጀማሪ! የአንድን ሕንፃ የማሞቂያ ቧንቧ በሙሉ ለብቻዬ የቀየርኩ ሰው!

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ገብቼ ራሴ ሠራሁት። አንድ ተከራይ ጥሎት የሄደ የጥድ ሣጥን ነበረኝ። ከእሱ ክንዴን የሚያህል ቁራጭ አውጥቼ ጠረብኩት፣ ሦስት ቦታ ቆርጬ ቀለበት ባላቸው ብሎኖች መልሼ አያያዝኩት። ጭራውን ከጎማ የሻወር ምንጣፍ ቀደድኩ። ሆዱን ቦርቡሬ እንዲከብድ የእርሳስ ብረት ከተትኩበት። ሚስቴ የምትቀባውን ብርማ የጥፍር ቀለም ጨረስኩባት። የምሞክረው መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው በጀርባው ተንሳፈፈ። ሁለተኛው እንደ ዘነዘና ሰጠመ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ገንዳ የሰው ነው የዓሣ?" ትለኛለች ሚስቴ ፎጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማ።

"ትንሽ ታገሺ፣ ወገቡ እየተፈታ ነው።"

"የኔ ወገብ ነው እየተፈታ ያለው! ከሥራ ገብቼ ገላዬን ልታጠብ!"

ሰባተኛው ዋኘ። ገንዳው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር እንደ እባብ እየተጣጠፈ ሄደ። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ "አሁን ውጣ" አለችኝ። ለእሷ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ቅጠል ሲረግፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ አለ፤ ሜሪላንዶች ሮክፊሽ ይሉታል። ትልልቁ ባሕሩን እየበላ ነው የሚሄደው። ክንድ የሚያህል ዓሣ ሲያገኝ ጣት ለሚያህለው አይደክምም። ይህንንም ማንም አልነገረኝም። የያዝኳትን አንዲት ሮክፊሽ ሆዷን ስሰነጥቅ ካገኘሁት ትልቅ ዓሣ ነው የደረስኩበት።

እስኪሳካልኝ ግን ሁለት ዓመት ሳቁብኝ። ፈረንጆቹ ሳቁ፤ እነሱስ ይሳቁ። ወዳጄም አሸዋው ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ይስቃል።

"አያ" ይለኛል፤ በዕድሜ ስለምበልጠው እንደ ወሎ ልማድ አያ ነው የሚለኝ። "ዓሣውን ልትይዘው ነው ልትፈነክተው?"

"አንተ ጉበትህን ጠብቅ።"

"ሰውዬው ግንድ እየወረወረ ነው ብለው ለፖሊስ ኮል እንዳያደርጉብህ ብዬ ነው።"

ሁለት ዓመት ወረወርኩ። ትከሻዬ እስኪላቀቅ ወረወርኩ። በሦስተኛው መኸር የመጀመሪያዋ ትልቅ ወጣች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ያ ለጀማሪ አይሆንም ያለኝ ሽማግሌ ቆይቶ በየት በኩል እንደምወረውር ከሩቅ ይሰልለኝ ጀመር። ወዳጄም ሳቁን ተወ። ዓርብ የእሱ ጁምዓ ነው፣ እሑድ የእኔ ቅዳሴ ነው፣ ቅዳሜ የሁለታችን ሆነ። ጎህ ሲቀድ እሱ አሸዋው ላይ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ይሰግዳል፤ መካ በዚያ በኩል ነው። እኔ ጎኑ አማትቤ ክሬን አስራለሁ። እንዲህ እየሆነ ስምንት ዓመት ሄደ።

ልጅቱ አድጋ ነርስ ሆነች፣ ባል መጣላት። የሠርጉን ነገር ለመምከር እነሱ ቤት ተሰበሰብን። የሙሽራው አጎት ከሄርንደን መጣ። ሁሉ የሚያከብረው፣ ጢሙን በሥርዓት የሚይዝ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ፎልስ ቸርች ከተማ አዳራሽ ተይዟል። በቀኝ የሙስሊም ሥጋ ይቀመጣል፣ በግራ የክርስቲያን፣ ሰው እንዳይሳሳት ወረቀት ይለጠፍበታል ተባለ። እኔም ነገሩ ከነከነኝ። ይቺን ልጅ እሾህ እየለቀምኩ አጉርሼ ያሳደግኩ ሰው፣ ከአባቷ ማዶ ወረቀት የተለጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ልቆም ነው።

"መሐል ላይ አንድ ጠረጴዛ ይኑር" አልኩ። "የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ከአንድ ትሪ የሚበሉበት። ዓሣ ይሁን። ዓሣውን እኔ አወጣለሁ።"

"ደግ ሐሳብ ነው" አለ አጎትየው። "ግን ከሬስቶራንት ቢታዘዝ አይሻልም?"

"ለዚች ልጅ የገበያ ዓሣ አልሰጥም።"

"ባሕሩ ያን ሰሞን ባይሰጥዎትስ?"

"እኔ ከባሕር ለምኜ አላውቅም። ወስጄ ነው የምመጣው።"

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። አጎትየውም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወዳጄም አልሳቀም። እስከ ሊፍቱ ሸኝቶኝ ክንዴን ያዘኝ።

"አያ፣ አደራ። ሌላው ይሳቅ፣ ለኔ ግን ያቺ ትሪ ቀልድ አይደለችም። በልጄ ሠርግ ቀን ካንተ ጋር ካልበላሁ የበላሁ አይመስለኝም።"

"አለቀ" አልኩት። እኔ አለቀ ካልኩ አለቀ።

ሠርጉ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት በአንድ እሑድ ነበር። በዋዜማው ቅዳሜ ሁለታችን ባሕሩ ዳር ነን። ሚስቱ ልጄን ልድር ስል ባሌ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ ብላ ስታለቅስ ነው ጥሏት የመጣው። ነፋሱ አሸዋ እያነሣ ፊታችንን ይገርፋል። ከንጋት ጀምሬ ወረወርኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ ምንም። አምስት ሰዓት ሆነ። ጣቶቼ ክሩን መስማት አቆሙ።

"አያ፣ በመንገዳችን ዓሣ መሸጫ አለ። ማንም አያውቅም" አለኝ ወዳጄ።

"እኔ አላውቅም?"

እኩለ ቀን ሲቃረብ ወፎች ሞገዱ ላይ መውረድ ጀመሩ፤ ከሥር ትናንሽ ዓሦች እየተባረሩ ነው ማለት ነው። ሦስት እርምጃ ገባሁ፣ ውሃው ወገቤ ደረሰ፣ ሰባተኛውን የእንጨት ዓሣዬን ከወፎቹ ማዶ ወረወርኩ። ሁለት ጊዜ እንኳ አላጠነጠንኩም። ዘንጉ ከእጄ ሊነጠቅ ነበር። በር በኃይል የተዘጋ ያህል ነው የመታው። ክሩ እየጮኸ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት አላውቅም፤ እሱ ሲጎትት እኔ አሸዋው ላይ ተከትዬው እየሮጥኩ፣ እሱ ሲያርፍ እኔ እያጠነጠንኩ፣ ወዳጄ ከኋላ "ያ አላህ! ያ አላህ! ቀስ!" እያለ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሞገድ አንሥቶ እግሬ ሥር ጣለልኝ። መንጋጋውን በእጄ ይዤ ወደ ደረቁ ጎተትኩት። ወዳጄ ጎኑ ተጋደመ፤ ከጫማው እስከ ወገቡ አልፎ መጣ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ትልቅ ዓሣ እንደወጣ ደሙ ካልፈሰሰ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ሌላ ጊዜ መተንፈሻውን በመቀስ ነበር የምበጥሰው። ያን ቀን መቀሱ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ቢላዬን መዘዝኩ። ዓሣው እየተንፈራገጠ ስላስቸገረኝ እንደ በግ በሁለት ጉልበቴ መሐል ያዝኩት፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀለበስኩት። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፈሩን በግ ሁሉ የማርድ ሰው ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ አያያዝ ይዤ አንድም ቀን ዝም ብዬ ቢላ አላሳረፍኩም። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩና ቆረጥኩት።

ወዳጄ ባልዲውን ይዞ ቆሟል።

"ምን አልክ?"

"ምን አልኩ?"

"በስመ አብ አልክ እኮ።"

"አመለጠኝ።"

ባልዲውን አስቀመጠ። ሞገዱ መጥቶ ደሙን አጥቦ ተመለሰ።

"ለኔ ዓሣ ዓሣ ነው" አለ። "አንተ ምንም በልበት፣ ሐላል ነው። ሌላ ሰው ግን እንዳይሰማ። እባክህ አያ፣ አፍህን ያዝልኝ።"

"ለማን ብዬ እናገራለሁ?"

"አውቅሃለሁ እኮ።"

አውቅሃለሁ እኮ ያለው አናደደኝ። እስከ ቤይ ብሪጅ አላናገርኩትም።

ዓሣው ኦቨን አልገባ ብሎ ለሁለት ተቆርጦ ተጋገረ። የእሱ ሚስትና የእኔ ሚስት ትልቅ ትሪ ላይ መልሰው ገጣጠሙት፣ መገጣጠሚያውን በሎሚና በቃሪያ ሸፈኑት። አዳራሹ ውስጥ መሐለኛው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰው ከቀኝም ከግራም ሥጋውን ትቶ ሊያየው መጣ፣ ፎቶ አነሣው። እኔ አዲስ ሱፌን ለብሼ ጎኑ ቆሜአለሁ። ስድስት ሽማግሌዎች ተቀመጥን፤ ሦስት ከእነሱ፣ ሦስት ከእኛ። አጎትየው ከፊት ለፊቴ ነው። ወዳጄ ከጎኔ ነው። እጃችንን ታጠብን። አጎትየው እንጀራውን ቆርሶ ከዓሣው ጠቀለለና ወደ አፉ ሳያደርስ በፈገግታ ቀና አለ።

"እውነትም ወስደው መጡ። እስቲ ይንገሩን፣ ይህን አውሬ እንዴት ያዙት?"

በመንጠቆ ብዬ ልበላ እችል ነበር። አሁን ይገባኛል። ግን ያ ሁሉ ሰው የሳቀብኝ ሰው ነኝ፤ ሁለት ዓመት ግንድ ወርዋሪ የተባልኩ ሰው ነኝ። ከወንበሬ ተነሣሁ። ከጥዱ ሣጥን ጀመርኩ። ወፎቹን ነገርኳቸው፣ ሞገዱን ነገርኳቸው። ከሌላ ጠረጴዛ ሰው ወንበሩን አዙሮ ይሰማኛል። ወዳጄ ኮቴን ከሥር ጎተት አደረገ። ሁለተኛም ጎተተ። ሊያስቀምጠኝ የፈለገ መሰለኝ፤ እኔ ደግሞ ምርጡ ጋ ደርሻለሁ። ወንበሩን በሁለት ጉልበቴ መሐል ይዤ አሳየኋቸው። "እንደ በግ እንዲህ ያዝኩት፣ ራሱን ቀለበስኩት፣ በስመ አብ ብዬ ..."

የአጎትየው እጅ አየር ላይ ቆመ።

ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ።

"ዓሣ እኮ አይታረድም" አለ ወዳጄ ፈጠን ብሎ። "ቢባልበትም ባይባልበትም ያው ነው።"

"ያው መሆኑን አውቃለሁ" አለ አጎትየው። "ግን ሰምቻለሁ። ከሰማሁ በኋላ ያልሰማሁ መሆን አልችልም። እናንተ ብሉ።"

ከእሱ ጎን የነበረው ሽማግሌም እጁን ሰበሰበ። የእኛዎቹም ሁለት ሽማግሌዎች እነሱ ሳይበሉ እንዴት እንበላለን ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ የቀረነው እኔና ወዳጄ ነን። አየሁት። አንድ ጉርሻ ብቻ! እሱ አንድ ጉርሻ ቢያነሣ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ሌላው ባይበላ እኔና እሱ ከአሥር ዓመት በላይ ስንበላ የኖርነውን እንበላ ነበር። ወደ አዲሶቹ አማቾቹ አየ። መድረኩ ላይ ወደ ተቀመጠችው ልጁ አየ። ከዚያ እጁን በናፕኪን ጠረገ።

ትሪውን አነሣሁ። መሐል ለመሐል ስሄድ ሙሽራዋ ከመድረኩ አየችኝ፤ "አንክል፣ ዌር አር ዩ ጎይንግ?" ብላ ተነሣች። አልመለስኩላትም። ወደ ኩሽናው ገባሁ። ሁለት የአዳራሹ ሠራተኞች ሳህን ያጥባሉ፣ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ስፓኒሽ ነው። ትሪውን ፊታቸው አስቀምጬ ብሉ አልኳቸው። በቁማቸው በሉ። አንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያኝከው። ማን እንዳረደው አልጠየቁኝም።

መኪና ውስጥ ነን፣ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና መግቢያ ደርሰናል።

"ታሪኩን አሳጥረህ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?" አለችኝ ሚስቴ።

"ታሪኩ አያጥርም።"

"ያጥራል። ያዝኩት ብለህ ትቀመጣለህ።"

ከዚያ በኋላ እሱ አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩም። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ። አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ ታክሲውን ቆማ አይቼ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፍኩ። በአጎትየው ተናድጄ ነበር፣ ቆይቶ ግን እሱን ተውኩት። ሰውዬው የሰማውን ሰማ፣ ይቅርታ ብሎኝ እጁን ሰበሰበ። በራሴም ተናደድኩ፤ ይህን የምጽፈው እዚህ ብቻ ነው፣ ለሚስቴ አልነገርኳትም። በወዳጄ ላይ ያለኝ ንዴት ግን አልበርድ አለ። የዓሣውን ሐላልነት የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። አንድ ጉርሻ ነፈገኝ።

ቅጠል ሲረግፍ ለብቻዬ ሄድኩ። ቅዳሜ ነው። ሰማዩ አመድ መስሏል፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ሰው የለም። የታጣፊ ወንበሩን ቦታ ሳላስበው ለቅቄ ነው የቆምኩት። ንጋት ላይ በአራተኛው ውርወራ መጣ። ክሩ ሲጮህ "ቀስ!" የሚል ሰው ከኋላዬ የለም። ጎትቼ አሸዋው ላይ ሳወጣው ከዚያኛው በአንድ መዳፍ ይበልጥ ነበር። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ነው። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ። አንዲት ውሻ እንኳ የለችም። ይህን ዓሣ ያዝኩ ብል ማን ያምነኛል? የሚያምነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሌክሳንድሪያ ነው።

ቢላዬን መዘዝኩ። ጉልበቴ ሊታጠፍ፣ አፌ ሊከፈት ነበር። ቆምኩ። ቢላውን መልሼ ከተትኩና ስልኬን አወጣሁ።

"ማነው?" አለኝ፣ ቁጥሬን እያወቀ።

"ያዝኩ" አልኩት።

ንዴቱ መጣበት። "ደግሞ ለዚህ ነው የደወልከው? በልጄ ሠርግ ላይ ኮትህን ስጎትት፣ ስጎትት! በአማቾቼ ፊት አስቁመኸኝ፣ ትሪውን አንሥተህ ልጄ እያየችህ ወጣህ! አንድ ዓመት ሙሉ ይቅርታ የለህም!"

"አንተ ደግሞ እጅህን ጠረግክ!"

"ምን ላድርግ? በሷ ቀን ከአማቶቿ ላጣላት?"

"አንድ ጉርሻ!"

"አንድ ቃል! አንድ ቃል ነው ያልኩህ፣ አትናገር!"

ዓሣው አሸዋውን በጭራው ደለቀው፤ በስልኩ ሰማው መሰለኝ።

"ትልቅ ነው?" አለ።

"ትልቅ ነው።"

"አርደኸዋል?"

"ቢላው ኪሴ ነው።"

"ያልክበት ነገር አለ?"

"ከአፌ ምንም አልወጣም።"

"እንግዲያው በረዶው ውስጥ ክተተውና እንደዚያው ተቀመጥ። እየመጣሁ ነው። እስክደርስ ለማንም አንድ ቃል አትተንፍስ። ለዓሣውም ቢሆን!"

ደሙ ሳይፈስ መቆየቱ ሥጋውን እንደሚያጠቁረው አውቃለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ግን እንዳለ የበረዶ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ጭራው ተርፎ ወጣ። ሳጥኑ ጎን ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት። በሁለተኛው ሰዓት ገደማ አንድ ዘንግ የያዘ ፈረንጅ ሲያልፍ ጭራውን አየና ቆመ። አጎንብሶ ክዳኑን ሲያነሣ አፉ ተከፈተ። የኔን የእንጨት ዓሣ አየ፣ አነሣው፣ ወገቡን አጣጠፈው። የት ነው የገዛኸው፣ እንዴት ያዝከው፣ በየት በኩል፣ ስንት ደቂቃ ታገለህ? ከጥዱ ሣጥን ጀምሮ ያለው ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ቆመ። በእጄ ባሕሩን አሳየሁት። ብቻ። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሲሄድ ሳየው አልቅስ አልቅስ ነበር ያለኝ።

ታክሲዋ ከአሸዋው ጠርዝ ስትቆም ፀሐይ ከደመናው መውጣት ጀምራለች። ወዳጄ ወረደ። በአንድ እጁ የጋዝ ምድጃ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ትሪ ይዟል። ሰላም ሳይለኝ ሳጥኑ ጋ ሄደ፣ ክዳኑን አነሣ፣ ራሱን ወደ ግራ ዘንበል ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረገ መረመረው። ጎኑ አሸዋው ላይ ተጋደመና ቁመቱን ለካ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ።

"ከዚያኛው ያንሳል" አለ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ የዘጋሁት አፍ ያኔ ተከፈተ። ምድጃውን እየለኮሰ፣ ዓሣውን እየቆረጠ፣ ትሪው ላይ እያቀረበ ሰማኝ፤ እጃችን ትሪው ላይ ሲገናኝ ገና ንፋሱ ከየት በኩል ይነፍስ እንደነበር እየጮህኩበት ነበር።